እኩል ዓይን

ሥራዬ ተማሪነት ነው። እውነቴን ነው። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ተማሪ ሆና ተቀጠረች ሲባል ሰፈሩ በሳቅ ሊፈነዳ ነበር። ይሳቁ። እነሱ ቀኑን ሙሉ የምስል መነጽር አድርገው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይውላሉ፣ እኔ ግን ዩኒፎርም ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ በእግሬ ሄጄ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በጨፌ በር ከተማ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብርቅ ነው።

ጠዋት እንዲህ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ በር ላይ ጋሽ ኩምሳ ቆመዋል። ጋሽ ኩምሳ ተማሪ አስቀማጭ ናቸው፤ ሥራቸው ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ መናገርና ማስቲካ ማስተፋት ነው። በሩ ፊቴን ያያል፣ ትንሽ ያስባል፣ ይከፈታል። ገብቼ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ እቀመጣለሁ። ከዚያ አንዱ ዕጩ መምህር ወይም አንዷ ዕጩ መምህርት ነጭ ጋዋን ለብሰው ይገባሉ፤ ብድግ ብለን "እንደምን አደሩ ቲቸር" እንላለን፤ እነሱም ስለ ማግኔት ወይ ስለ እንቁራሪት ያስተምሩናል። እኛ እንማራለን። የክፍሉ ግድግዳ እነሱን ይለካል።

የነገሩ ሙሉ ስም "የዕጩ ሳይንስ መምህራን ዲጂታል ብቃት ምዘና" ነው። እኔ "ልክ" ነው የምለው። ምሳ እዚያው ይሰጡናል፣ ሁልጊዜ ምስር። በዕለቱ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ምስሩ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይጨመርለታል። ጥሩ ጥያቄ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ግድግዳው ነው። እኔ እንቁላል ብዙ ጊዜ አላጣም። ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ አያልቅብኝም፤ እንዲያውም እማዬ በሕይወት እያለች "ይቺ ልጅ ዝም የምትልበት ቁልፏ የት ነው?" ትል ነበር።

"እኛ" ስል ግን ሁላችንም አይደለንም። አዳራሹ ውስጥ አርባ ወንበር አለ። ስጀምር ዘጠኝ ነበርን፣ የቀሩት ግድግዳው የሠራቸው ጥላዎች ናቸው። ጥላ የምንላቸው መጀመሪያ ሲመጡ ጥላ ስላልነበራቸው ነው። ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ያስላቸዋል፣ እርሳስ ይጥላሉ፣ ፀሐይ ስታርፍባቸው ግን መሬቱ ላይ ምንም የለም። ኋላ ተስተካከለላቸው፣ አሁን ጥላቸው ከኔ ጥላ ይበልጥ ያምራል፤ ስሙ ግን ቀረ። እነሱ ጥላ፣ እኛ ሥጋ። ጋሽ ኩምሳ ጠዋት "ሥጋዎች በዚህ በኩል!" ሲሉ ሉካንዳ የገባሁ ነው የሚመስለኝ።

ጥላ ያስፈለገው በደንቡ ምክንያት ነው። ደንቡ አርባ ተማሪ ያልሞላበት ክፍል አይከፈትም ይላል። አርባ ልጅ ደግሞ የትም የለም። ስለዚህ የትም ቦታ ያለ መምህር፣ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሥጋ ካለው ሠላሳ ሰባት ጥላ ይኖረዋል። ችላ የተባለ ጥላ ደግሞ ይበላሻል አሉ፤ መጀመሪያ እጁን ማውጣት ይተዋል፣ ቀጥሎ ፊቱ ይደበዝዛል።

ለዚህ ነው ልኩ ላይ ሰው የሚወድቀው። መሣሪያ መያዙን፣ መረጃ ማጣራቱን፣ ሠንጠረዥ ማንበቡን ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ያልፈዋል። የሚጥላቸው የመጨረሻው ነው፤ "እኩል ዓይን" ይባላል። ዕጩው ክፍሉን ሲያይ ሥጋው ላይ ከጥላው አስበልጦ ዓይኑን ካሳረፈ፣ ለሥጋው ከጥላው የበለጠ ከሳቀ፣ የጋዋኑ ኮሌታ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይሄዳል። ከዚያ ግድግዳው "እናመሰግናለን" ይላል። ያቺን "እናመሰግናለን" የሰማ ዕጩ ጠመኔውን ያስቀምጥና ይወጣል።

ታላቅ እህቴ ሶስና ያቺን ቃል ሁለት ጊዜ ሰምታለች።

ሦስተኛ ጊዜ የሰማ ዕጩ ወደ ማደሻ ይላካል። ማደሻ ቆላ ያለ ግቢ ነው፣ ሁለት ዓመት ነው፣ ጠያቂ አይገባም። ሶስና ከሄደች እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። እሱስ እሺ፣ እንደምንም እኖራለሁ፤ የፈራሁት ብቻዬን መቅረቱን አልነበረም። የፈራሁት መምህር ደርቤን ነው።

መምህር ደርቤ ጎረቤታችን ነው። ከማደሻ የተመለሰው አምና ነው። ወፍሮ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ጫማውን ጠርጎ ነው የመጣው። እናቱ እልል እያለች ደጅ ድረስ ወጣች። እሱ መጀመሪያ የመብራት ምሰሶውን አየ፣ ቀጥሎ ውሻውን አየ፣ ቀጥሎ እናቱን አየ፣ ቀጥሎ በሩን አየ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግ አለ። አሁንም እንደዛ ነው። ጠዋት ሳገኘው "ሰላም ማሪቱ" ይለኛል፣ ከዚያ አጠገቤ ላለው የቆሻሻ በርሜል የዚያኑ ያህል ይቆምለታል። ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ ግን ከዚያ ወዲህ ከሱ ጋር ስትቀመጥ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ነው።

"ሶስና እንደዛ ሆና ከምትመጣ..." ብዬ ጀምሬ ለሐሊማ ልጨርስላት አልቻልኩም ነበር። ሐሊማ አጠገቤ የምትቀመጥ ሥጋ ናት። ማስቲካ የምትወድ፣ ወሬ የማትጠግብ ልጅ። ከዘጠኛችን በመጨረሻ የቀረነው እኔና እሷ ነበርን። ልኩ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ እሷን "ወንበርሽ ሞልቷል" አሏትና ተሰናበተች። አክስቴ ጋ እሄዳለሁ ብላ ተሳስመን ተለያየን።

ታዲያ ከልኩ በፊት የነበረውን ሳምንት እኔና ሶስና ቤታችንን ክፍል አደረግነው። ጀሪካኑን፣ ትራሱን፣ ሙቀጫውን፣ የእማዬን ሻንጣ በረድፍ ደረደርኩ፤ መጨረሻ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ሶስና ጋዋኗን ለብሳ ፊታችን ቆመች።

"ጀምሪ" አልኳት።

ጀመረች። ጀሪካኑን አየች፣ ትራሱን አየች፣ ሙቀጫውን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

"ቀይ!" አልኩ። "እናመሰግናለን! ውጪ!"

"ኧረ ማርዬ፣ አንቺ አፍጥጠሽብኝ እንዴት..."

"ጀሪካኑም አፍጥጦብሻል፤ እሱን ለምን አልሳቅሽለትም?"

"ጀሪካን ዓይን አለው እንዴ?"

"ይኸው! ይኸው ነው የጣለሽ። ጀሪካን ዓይን አለው። እንደውም ከሁላችንም ጎበዙ ተማሪ እሱ ነው። ትላንት የፎቶሲንተሲስ ጥያቄ መልሷል።"

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ሶስና ስትስቅ ግራ ጉንጯ ላይ አንድ መስመር ይወጣል፣ እንደ ቅንፍ። ያ መስመር የእማዬም ጉንጭ ላይ ነበር። ያ መስመር ነው ሁለት ጊዜ የጣላት። ሥጋ ስታይ ይወጣል፣ ጥላ ስታይ አይወጣም፤ ግድግዳው ደግሞ አያመልጠውም።

"አይሆንልኝም" አለች በመጨረሻ። "እኔ አስተማሪ ልሁን ያልኩት እኮ..." ብላ ተወችው።

እኔ ታሪኩን አውቀዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ምድጃው አጠገብ ቆሜ "ሶሲ፣ ውሃው ሊፈላ ሲል ይጮሃል፣ ከፈላ በኋላ ግን ዝም ይላል። ጩኸቱ የት ሄደ?" ብዬ ጠየቅኳት። አላወቀችም። "ልማርና እነግርሻለሁ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በጠየቅኳት ቁጥር "አስተማሪ ስሆን፣ ጠመኔ ይዤ፣ በደንብ ነው የምነግርሽ" ትለኛለች። ግትር ናት። እኔም ግትር ነኝ፤ መልሱን ከሌላ ሰው አልፈልግም ብዬ ቆየሁ። ጥያቄውን ግን አንድ ቀን ስለ ሙቀት ለሚያስተምር ዕጩ አዳራሹ ውስጥ ጠይቄው ነበር። እሱም አላወቀም። እኔ እንቁላሌን በላሁ።

የልኩ ቀን ደረሰ። እኛ ያሰብነው ሶስና ስትለካ እኔን እንደሚያስቀሩኝ ነው፤ ዘመድ ለዘመድ አይቀመጥም ሲባል ሰምተን ነበር። በሩ ፊቴን አየ፣ አሰበ፣ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አሰበ፣ ተከፈተ።

"ጋሽ ኩምሳ፣ ዛሬ እህቴ ናት የምትለካው። ልመለስ አይደል?"

"ግቢ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔን ካየች ትወድቃለች። ያውቋታል እኮ፣ ጥርሷን መያዝ አትችልም።"

"ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው ግድግዳው ነው፣ ልጄ። እኔ ማስቲካ ነው የማስተፋው።" ከዚያ ቀና ብለው አላዩኝም። "ዛሬ ደግሞ ደስ ያለሽ ቦታ ተቀመጪ።"

ጋሽ ኩምሳ በሕይወታቸው ደስ ያለሽ ቦታ ተቀመጪ ብለውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ ከወንበሬ በስተግራ ያለውን ስለሞከርኩ ብቻ ግማሽ ቀን ሲያጉረመርሙብኝ ውለዋል።

አዳራሹ ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ጥላዎች ሁሉም አንዴ አይመጡም፣ አንዳንዶቹ ደወል ሲደወል ነው ወንበራቸው ላይ የሚገኙት። መስኮቱ ጥግ አካባቢ ግን አንድ የማውቀው ሻሽ አየሁ።

"ሐሊምዬ!" ብዬ ሮጥኩ። "አክስትሽ ጋ ሄድሽ አልነበር እንዴ? መለሱሽ?"

"ማስቲካ አለሽ?" አለችኝ።

ሐሊማ እንደዛ ናት፣ ከሰላምታ በፊት ማስቲካ። "የለኝም" አልኳት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አጠገቧ ልቀመጥ ስል፣

"ማስቲካ አለሽ?" አለችኝ። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ቆሜ ቀረሁ። ሻሿ ላይ ያለችው በካውያ የተቃጠለች ቀዳዳ ሳትቀር አለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። የሚጎድል ነገር ፈለግኩ፤ በመጨረሻ አገኘሁት። ምራቋን አትውጥም ነበር። ጉሮሮዋ ዝም ብሎ ነው። እንደው ጉንጯን ልንካት አልኩና እጄን ሰበሰብኩ።

ያኔ እግሬ ወደ መጨረሻው ረድፍ ወሰደኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ሶስና እንዳታየኝ። መውጣት አይቻልም፣ መደበቂያ የለም። እንግዲህ ጥላ ልሁን አልኩ። ለወራት አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፣ እንዴት እንደሚቀመጡ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሹሩባዬን ፈታሁት፣ በምራቄ አርጥቤ ወደ ኋላ አስተኛሁት። ኮሌታዬን እስከ አገጬ ቆለፍኩ። ሁለቱን እጆቼን ዴስኩ ላይ አጋደምኩ። ዓይኔን ፊት ለፊት ተከልኩ። አፌን ዘጋሁ። ምራቄን መዋጥ ተውኩ።

ደወለ። ባዶዎቹ ወንበሮች ሞሉ። ሶስና ገባች።

"እንደምን አደሩ ቲቸር" አልን። የኔን ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጌ ከነሱ ድምፅ ሥር አስገባሁት።

"እንደምን አደራችሁ ልጆች። ተቀመጡ።"

ኮሌታዋ አረንጓዴ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ከነምድጃው ቀርቦላታል፣ ውሃው እውነተኛ ነው። ትምህርቱ ስለ መፍላት ነበር፣ ያ የኔ ጥያቄ ያለበት። እሷ ግን ረጋ ብላለች። የመጀመሪያውን ረድፍ አየች፣ ሁለተኛውን አየች፤ እንደ ጀሪካኑ፣ እንደ ትራሱ፣ እንደ ሙቀጫው። ሦስተኛውን አየች። አራተኛውን አየች። ኋላ ድረስ መጣች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

ጉንጯ ላይ ምንም አልወጣም።

ድርሻዬን ሰጠችኝ፣ ከጎኔ ላለው ጥላም የዚያኑ ያህል ሰጠችው፣ አለፈች። አላወቀችኝም። ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እንዴት እንዳላወቀችኝ ግን በኋላ አስበዋለሁ አልኩ። ውሃው ማንቆርቆሪያው ውስጥ መጮህ ጀመረ። ኮሌታዋ አረንጓዴ ነው። ትንሽ ብቻ ነው የቀራት። በርቺ ሶሲ፣ ትንሽ ብቻ።

"ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!"

ጣት ተንጫጫ። እንደዛ ጣቱን የሚያንጫጫ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ከወንበር ግማሽ ተነስቶ፣ እጁን ጣሪያ ሊያስነካ ደርሶ፣ ካልተጠራ ሊሞት።

ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ሹሩባዋ የዛሬ ጠዋቱ ሳይሆን ያለፈው ሳምንቱ ነው፤ ሶስና እሑድ ዕለት የሠራችኝ፣ ግራው ትንሽ የጠመመው። የቀኝ እጅጌዋ እንደኔው ወደ ላይ ተጠቅልሏል። ከኋላ ስለነበርኩ ፊቷን አላየሁም። ጆሮዋን አየሁት። ጆሮዬን ከኋላ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ቲቸር፣ ውሃው ሊፈላ ሲል ይጮሃል፣ ከፈላ በኋላ ግን ዝም ይላል" አለች፣ በኔ ድምፅ። "ጩኸቱ የት ሄደ?"

ሶስና ወደሷ ዞረች።

መስመሩ ወጣ። ግራ ጉንጯ ላይ፣ እንደ ቅንፍ። ዓይኗን እዛች ልጅ ላይ አሳረፈችና አላነሳችውም። ሌሎቹን ረሳቻቸው። አዳራሹን በሙሉ ረሳችው። ኮሌታዋን ለማየት ፈራሁ። አበቃ አልኩ። አሁን ቢጫ ይሆናል፣ አሁን ቀይ ይሆናል፣ አሁን "እናመሰግናለን" ይላል።

"ይህን ጥያቄ" አለች ሶስና፣ "በጣም ረጅም ጊዜ ነው ያስጠበቅኩሽ።"

ጠመኔ አነሳች። ማንቆርቆሪያ ሳለች።

"ስሚኝ እሺ። እሳቱ ያለው ከታች ነው። ከታች ያለው ውሃ ቀድሞ ይሞቅና አረፋ ይሆናል። አረፋው ወደ ላይ ይነሳል። ላይ ያለው ውሃ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። አረፋው መንገድ ላይ ቀዝቃዛው ሲያገኘው ይፈርሳል። አንዱ ሲፈርስ አይሰማም፣ ብዙ ሆነው ሲፈርሱ ግን ይጮሃሉ። የምትሰሚው የመፍረሳቸውን ድምፅ ነው። ውሃው በሙሉ ሲሞቅ ደግሞ መንገድ ላይ የሚፈርስ የለም፣ ሁሉም ላይ ይደርሳል። ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ጩኸቱ የትም አልሄደም። የሚፈርስ ነው የጠፋው።"

"አሃ!" አለች ልጅቷ። አሃዋም የኔ ነበር።

ማንቆርቆሪያው ያኔ ዝም አለ።

ኮሌታዋን አየሁት። አረንጓዴ ነበር። ከዚያ አረንጓዴው ደመቀና ወደ ሰማያዊ ሄደ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጥኩበት ዘመን ሁሉ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም።

ገባኝ። ግድግዳው የሚቀጣው ለሥጋ ያደላን ነው። ሶስና ያደላችው ለጥላ ነው።

ብድግ ልል ነበር፣ አልዋሽም። "ሶሲ፣ እኔ እዚህ ነኝ! እሷ እኔ አይደለችም!" ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ብነሳ ትዞራለች። ብትዞር መስመሩ ለኔ ይወጣል። መስመሩ ለኔ ከወጣ ማደሻ ትሄዳለች፣ ተመልሳም ለምሰሶው ፈገግ ትላለች። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እጆቼን ዴስኩ ላይ አጋደምኩ። ምራቄን አልዋጥኩም።

"እኩል ዓይን፤ ሙሉ" አለ ግድግዳው። "እንኳን ደስ አለዎት መምህርት ሶስና።"

ማታ ቤት ስትመጣ ሁለት ለስላሳና ትኩስ ዳቦ ይዛ ነው። ጋዋኗን እንኳን አላወለቀችም። ይዛኝ ዞረች፣ ጀሪካኑን በእግሯ መታችው፣ ይቅርታ ጠየቀችው፣ ሳቅን። ከዚያ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ቀነሰች።

"ማርዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳታወሪ። ግድግዳው ተሳስቷል።"

"ምን ብሎ?"

"መውደቅ ነበረብኝ። እስከዛ ድረስ ማንንም ሳላይ፣ ዝም ብዬ እየቆጠርኩ ነው የመጣሁት። አንቺንም ጀሪካን ነሽ ብዬ አለፍኩሽ። ጣትሽን ስታንጫጪ ግን... ያንን ጥያቄ ስትጠይቂኝ ግን፣ በቃ አልኩ። ማርዬ ጠርታኝ እንደ ጀሪካን አላልፋትም፣ ማደሻም ከሆነ ማደሻ። ጠግቤ አየሁሽ። እየወደቅኩ መሆኔን እያወቅኩ ነው ያየሁሽ።" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሙሉ ሰጠኝ። ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።"

ዳቦው አፌ ውስጥ ሳይታኘክ ቆየ።

"የት ነበር የተቀመጥኩት?" አልኳት።

"እንዴ! መስኮቱ ጥግ ነዋ፣ እንደ ወትሮሽ። ምነው?"

ፀጉሬን አየሁት፤ የተፈታ ነው፣ ጠዋት እንደፈታሁት። እሷም እያየችው ነበር። አየችውና ለስላሳዋን ከፈተች።

"ምንም" አልኩ። "ጥያቄዬ ቆንጆ ነበር አይደል?"

"በጣም!" አለችና ግንባሬን ሳመችው።

በማግሥቱ በሩ ፊቴን አየ፣ አሰበ፣ አልተከፈተም። ጋሽ ኩምሳ ራሳቸው ወጡ።

"ወንበርሽ ሞልቷል፣ ልጄ" አሉኝ።

"አይቻለሁ" አልኳቸው።

እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አንድ የተቀቀለ እንቁላል አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ገና ትኩስ ነው። "የትናንቱ ጥያቄ ነው። እሷ አትበላም። ማስቲካ ካለሽ ግን አሁን ማኘክ ትችያለሽ።"

ከጀርባቸው፣ በመስኮቱ በኩል፣ "ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!" ስትል ሰማኋት። ጮክ ብላ፣ ካልተጠራች ልትሞት።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አንድ የተዘጋ ፀጉር ቤት አለ፣ ውስጡ ትልቅ መስታወት የቆመ። በመስኮቱ ስመለከት ራሴን አየሁ፣ እንቁላል ይዛ የቆመች ልጅ። ዘወር ብዬ ስሄድ አንድ ጥያቄ መጣልኝ። ማንም ሰው ባያየው፣ መስታወቱ ምን ያሳያል? ጥሩ ጥያቄ ነበር። እንቁላል የሚያስገኝ ጥያቄ ነበር። ይህቺን ግን ለማንም አልናገርም አልኩ። ይህቺ የኔ ናት። ምላሴ ሥር አስገብቼ ቤት ገባሁ፣ ከዚያም ወዲህ አላወጣኋትም።

ሶስና ከከተማው ጫፍ ያለ ትምህርት ቤት ደረሳት። አርባ ወንበር፣ ሦስት ሥጋ። በመጀመሪያው ሳምንት እየሳቀች መጣች። "ክፍሌ ውስጥ አንቺ አለሽ እኮ! ከልኩ በኋላ ቀድተውሽ ነው መሰለኝ። መስኮቱ ጥግ ትቀመጫለሽ።" እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ከዚያ በየቀኑ ነው። "ዛሬ ረብሸሽ አስወጣሁሽ።" "ዛሬ ሹሩባሽ አምሮብሽ ነበር።" እሷ ስለዛች ስታወራ ጉንጯ ላይ ያለው መስመር ይወጣል፣ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ስትገባ ደግሞ መጀመሪያ ጀሪካኑን ታያለች፣ ቀጥሎ ትራሱን፣ ቀጥሎ ሙቀጫውን፣ ቀጥሎ እኔን። ለሁላችንም እኩል ይደርሰናል። ጎበዝ መምህርት ናት፣ ሁሉም ይመሰክርላታል።

ትናንት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ነበር የጀመረችው።

"ማርዬ፣ ዛሬ ምን ብለሽ ጠየቅሽኝ መሰለሽ!"

"ምን ብዬ?"

"ስለ ብርሃን እያስተማርኩ ነው። ጣትሽን አንጫጭተሽ ተነሳሽና፣ 'ቲቸር፣ ማንም ሰው ባያየው መስታወቱ ምን ያሳያል?' አልሽኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ከየት አመጣሽው!"

ምላሴን አንቀሳቀስኩት። ከሥሩ ምንም አልነበረም።

"እና" አልኳት፣ "መልሱ ምንድነው?"

ሶስና ጀሪካኑን አየች፣ ትራሱን አየች፣ ሙቀጫውን አየች፣ እኔን አየች።

"ነገርኩሽ እኮ" አለችኝ።